ምዕራፍ 7፦ ጎራ በል፣ ዞር በል፣ ፈታ በል

አቃቂ ውስጥ ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለባለ ሱቆች የማታ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንዲት ትጉህ ተማሪ ነበረችኝ። ቀን ቀን ከቃሊቲ መናኸሪያ ብዙም በማይርቅ ሱቅ ውኃ፣ ብስኩትና ሳሙና ትሸጣለች። ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች። አንድ ምሽት ግን ዘግይታ ገባች፤ ፊቷም እንደወትሮው አልነበረም። «ቲቸር፣ ዛሬ አፈርኩ» አለችኝ። አንድ የውጭ ሰው ውኃ ገዝቶ መቶ ብር ይሰጣታል። የሚመለሰውን ቆጥራ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ በትሕትና «ዚስ ኢዝ ዩር አንሰር» ትለዋለች። ሰውየው ብሩን ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ። ምን እንደጠየቃት ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል ነበር አለች።

ይህን ስህተት የፈጠረው ሰነፍ አእምሮ አይደለም፤ አማርኛን በደንብ የሚያውቅ አእምሮ ነው። ለጥያቄ የሚሰጠው «መልስ» ነው። ሻጭ ከተቀበለው ገንዘብ ላይ የሚመልሰውም «መልስ» ነው። ከሠርግ በኋላ ሙሽሮች ተጠርተው የሚበሉበት ድግስም «መልስ» ነው። ሦስቱም ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው፤ የሄደው ተመልሶ መምጣቱን ይናገራሉ። እንግሊዝኛ ግን ገንዘቡን የሚያየው በሌላ በኩል ነው። ትልቁ ብር ወደ ትንንሽ ብሮች ስለተለወጠ «ቻንጅ» ይለዋል። ስለዚህ እኛ «የመቶ ብር ዝርዝር አለሽ?» ብለን የምንጠይቀውም፣ «መልሴን ስጪኝ» የምንለውም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው። «ሂር ኢዝ ዩር ቻንጅ» ብላው ቢሆን ኖሮ ሰውየው አመስግኖ ይሄድ ነበር።

የዚያን ምሽት ያዘጋጀሁትን ትምህርት ወደ ጎን አደረግሁና ክፍሉን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ በዚህ ሳምንት ምን ገዛችሁ? የትስ ሄዳችሁ? በእንግሊዝኛ ንገሩኝ። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ተነሥቶ «አይ ፐርቸዝድ ዋን ኪሎግራም ኦፍ ቶማቶ» አለ። ሰዋስው አልጎደለውም። ነገር ግን ከጉሊት ቲማቲም የገዛ ሰው እንዲህ አይናገርም።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲማሩ ኖረዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ተምረዋል። ተማሪዎቼ ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ መጻፍ ይችላሉ። ጫማ ልለካ ማለት ግን አይችሉም። ይህ ያሳዝነኛል። እንዲህ የሆነው ቋንቋን በጓዳው ሳይሆን በቢሮው በር ብቻ ገብተን ስለምናየው ነው። እንግሊዝኛ ሁለት ፎቅ አለው። ላይኛው ፎቅ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡት ረጃጅም ቃላት የሚኖሩበት ነው፦ ፐርቸዝ፣ ሪተርን፣ ሴሌክት፣ ቪዚት። እነዚህ ለእንግሊዝኛ ግዕዝ ለአማርኛ እንደሆነው ናቸው። ጓደኛህን «ምሳ ተመገብህ ወይ?» ብትለው ይገባዋል፤ ግን ምን ነካው ብሎ ያይሃል። «በላህ?» ነው የምትለው። የእንግሊዝኛም ምድር ቤት እንዲሁ አጫጭር ግሦች የሞሉበት ነው፦ ጌት፣ ቴክ፣ ፑት፣ ጎ፣ ካም፣ ፒክ፣ ተርን። ገበያውም መዝናኛውም ያለው እዚያ ነው። አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ግሦች ብቻቸውን አለመሄዳቸው ነው። ከኋላቸው አንድ ትንሽ የአቅጣጫ ቃል ይጎትታሉ፦ አፕ፣ ዳውን፣ ኦን፣ ኦፍ፣ አውት፣ ኢን፣ ባክ። ትንሿ ቃል ስትለወጥ የግሡ ትርጉም እንዳለ ይገለበጣል።

ይህ ለባዕድ ሰው ከባድ እንደሆነ እንግሊዞቹ ራሳቸው ድሮ ያውቁታል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታላቅ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ለባዕዳን ትልቁን ችግር የሚፈጥረው ይህ ግሥን ከትንሽ ቃል ጋር የማጣመር ልማድ መሆኑን ጽፏል። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናገኘውን «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስም ያስተዋወቀው ደግሞ ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስሙን ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ከሆነው ከሄንሪ ብራድሊ እንዳገኘው ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት መማሪያዎች እነዚህን ግሦች በሠንጠረዥ ደርድረው «በቃልህ ያዝ» ይሉናል። እኔም ለዓመታት ሠንጠረዥ ሳስገለብጥ ኖሬያለሁ። አሁን ግን አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር ከብዙ ሕዝብ ይልቅ የተዘጋጀ ነው ብዬ አምናለሁ።

«አለ» ምን አለ?

«ልጁ ብድግ አለ» እንላለን። ምን አለ? ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ተነሣ። «ዝም አለ» ስንልማ ጭራሽ መናገሩን አቆመ ማለታችን ነው፤ ግሡ ግን «አለ» ነው። «ጎራ አለ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ዞር አለ»፣ «ጠጋ አለ»፣ «ፈቀቅ አለ»፦ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «አለ» የንግግር ትርጉሙን ጥሎ ተሸካሚ ሆኗል። ትርጉሙን የያዘችው ከፊቱ ያለችው ትንሽ ቃል ናት። በዚህ ትርጉሟ «ጎራ» ብቻዋን አትቆምም፤ «አለ» ብቻውን ስለ ጉብኝት አይናገርም። ሲጣመሩ ግን በመንገድ ላይ ያለ ሰው ለአፍታ ወደ ወዳጁ ቤት ሲታጠፍ ይታየናል። እንግሊዞች ይህንኑ «ድሮፕ ባይ» ይሉታል። «ድሮፕ» ጠብ ማለት ነው፤ ማንም ግን አይወድቅም። እኛም ቤት ማንም አይናገርም።

ሌላም አለ። ነገሩ በራሱ ሲሆን «አለ»፣ ሌላ ሰው ሲያደርገው «አደረገ» እንላለን፦ ዋጋው ከፍ አለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። እንግሊዝኛም ትንሿን ቃል ሳይነካ ተሸካሚውን ይለውጣል። ዋጋው «ጎ አፕ» ያደርጋል፤ ሬዲዮኑን ግን «ተርን አፕ» ታደርገዋለህ። የእኛ «ከፍ» እና የእነሱ «አፕ» አንድ ቦታ ቆመዋል።

አቃቂ ስለሆንን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ ተነሥ ሲል «ኦል ካኢ»፣ ተቀመጥ ሲል «ጋዲ ታኢ» ይላል፤ «ኦል» ወደ ላይ፣ «ጋዲ» ወደ ታች ነው። «ስታንድ አፕ» እና «ሲት ዳውን» ከዚህ በምን ይለያሉ? ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የገላንና የቱሉ ዲምቱ ልጆች ከአማርኛው ቀድመው በኦሮምኛው ገባቸው። አንዲቱም «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን በቃላችን ስንሸመድድ ቆየን?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

በዚሁ መንገድ ተማሪን ሁሉ የሚያስቸግር አንድ የሰዋስው ነጥብ ይፈታል። «ተርን ኢት አፕ» ይባላል እንጂ «ተርን አፕ ኢት» አይባልም። ለምን? መምህሩ «ሕጉ ነው» ይላል። በአማርኛ «ከፍ አድርገው» ስንል ግን «ው» የምትለዋ ተሳቢ የተለጠፈችው የት ላይ ነው? «አድርግ» ላይ ነው፤ ግሡ ላይ። «ከፍው አድርግ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። እንግሊዝኛም ተሳቢዋን ግሡ ላይ ይለጥፋል፤ «አፕ» ራቅ ብላ ትቆማለች። «ሉክ ፎር ኢት» ግን ሌላ ነው። እዚያ «ፎር» መስተዋድድ ናት፤ እንደ እኛ «ለ» እና «በ»። «ለእሱ» ስንል «እሱ» ከ«ለ» እንደማይለይ ሁሉ «ኢት»ም ከ«ፎር» አትለይም። ከፊትህ ያለች ትንሽ ቃል «ከፍ»ን ትመስላለች ወይስ «ለ»ን? ይህን መጠየቅ የለመደ ተማሪ ከአሥር ዘጠኙን አይስትም።

ጫማ መለካት

አሁን ገበያ እንውጣ። ልብ በሉ፣ እኛ ገበያ «እንወጣለን»፤ ገበያው ሜዳ ላይ ስለሆነ ከቤት መውጣት ነው። እንግሊዝኛ «ጎ ሾፒንግ» ይላል፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ መሄድ ነው። ሱቅ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። በሱቁ ውስጥ ያለው ባንኮኒ፣ የምትገዛው ካልሲ፣ የምትይዘው ቦርሳ ጣሊያንኛ ናቸው። ሳይዝ፣ ብራንድ፣ ጃኬት፣ ሱፐርማርኬት እንግሊዝኛ ናቸው። በአቃቂ በኩል ወደ አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮች ባቡር ደግሞ «ላ ጋር» የሚለውን ጣቢያ «ለገሃር» አድርጎ ትቶልን ሄዷል። አንድ ሰው ካልሲ ገዝቶ እስኪወጣ ድረስ አራት አገር ያዳርሳል።

ነገር ግን የተዋስነው ቃል ሁሉ ወደ መጣበት ሲመለስ አይታወቅም። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ አገር ለቀው በሄዱ ተማሪዎቼ ላይ ሲደርሱ አይቻለሁና። ልባሽ ጨርቅ «ሰልባጅ» ይባላል፤ ከእንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» ነው። እዚያ ግን ቃሉ ከሰጠመ መርከብ ወይም ከእሳት የተረፈ ንብረት ማለት ነው። «ሳልቬጅ ጃኬት ገዛሁ» ብትል እሳት አደጋ ደረሰ ወይ ይሉሃል፤ «ሰከንድ ሃንድ» በል። ሁለተኛው «ግሮሰሪ» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግሮሰሪ ሰው ቢራ የሚጠጣበት ቤት ነው። በእንግሊዝኛ አገር ግን ዱቄት፣ ሩዝና ቲማቲም የሚሸጥበት ነው፤ ስለዚህ «ትናንት ማታ ግሮሰሪ አመሸሁ» የሚለው ወሬ ሌሊቱን ሽንኩርት ስትመርጥ ያደርህ ያስመስልሃል። ሦስተኛው «ፕሮግራም» ነው። «ቅዳሜ ፕሮግራም አለኝ» ስንል ቀጠሮ አለኝ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ፕላንስ» ይላል።

ወደ ጫማው እንመለስ። ሻጩ «ምን ልርዳህ?» ሲልህ ገና ልትገዛ ካልወሰንክ በአማርኛ ምን ትላለህ? «ዝም ብዬ እያየሁ ነው»። በእንግሊዝኛ «አይም ጀስት ሉኪንግ» ነው። ያቺ «ጀስት» የእኛ «ዝም ብዬ» ናት፤ ምንም ሌላ ዓላማ የለኝም የምትል ትሑት ቃል። ይህን ሳያውቁ «ኖ፣ ኖ» ብለው ከሱቅ የሚሸሹ ብዙ ናቸው። የሚፈለግ ነገር ካለ ግን «አይም ሉኪንግ ፎር» ነው። «ሉክ» ማየት፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፤ «ሉክ አት» ደግሞ ዓይንን መጣል። ባዶውን «ሉክ» አትመኑት፤ ከኋላው የምትመጣውን ጠብቁ።

ጫማውን ወደድከው። «ካን አይ ትራይ ዜም ኦን?» ትላለህ፤ ልለካቸው ወይ? ጥንድ ጫማ በእንግሊዝኛ እንደ ብዙ ነገር ይነገራል፤ ሱሪም መነጽርም እንደዚያው። «ትራይ» ብቻውን መሞከር ነው፤ «ኦን» ስትጨመርበት ገላ ላይ አድርጎ መሞከር ይሆናል። እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ሀብታም መሆኑን ስናገር ደስ ይለኛል። እኛ ነጠላ እንለብሳለን፣ ባርኔጣ እንደፋለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ መነጽር እናደርጋለን፣ ጋቢ እንደርባለን። ለእነሱ ሁሉም «ፑት ኦን» ነው። ሁሉም ሲወጣ ደግሞ «ቴክ ኦፍ» ነው። የእነሱ ድህነት ለተማሪው ጸጋ ነው፤ አንዷን ይዞ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይለብሳል።

ከዚያ የሚመጡት ሁለት ቃላት ይምታታሉ። «ኢት ፊትስ» ልክ ነው ማለት ነው፤ እግሩ ገባ፣ አልጠበበም። «ኢት ሱትስ ዩ» ግን ያምርብሃል ማለት ነው። ልክህ የሆነ ሁሉ አያምርብህም። ጓደኛህም ዳር ቆሞ «ከሱሪህ ጋር ይሄዳል» ካለህ እንግሊዝኛው ቃል በቃል ያው ነው፤ «ኢት ጎዝ ዊዝ ዩር ትራውዘርስ»። ጫማና ሱሪ አብረው የሚሄዱባቸው ሁለት ቋንቋዎች ተገናኙ ማለት ነው። ይህን ለክፍሉ ስነግር የሚወጣውን የመገረም ድምፅ እወደዋለሁ።

ዋጋ

ዋጋ ላይ ስንደርስ ግጥምጥሙ ይበዛል። ነጋዴ ሲበድለን «ገፈፈኝ» እንላለን፤ እንደ ቆዳ። እንግሊዞች «ሂ ሪፕድ ሚ ኦፍ» ይላሉ፤ እሱም መግፈፍ፣ መላጥ ነው። እንዳትገፈፍ መጀመሪያ ዞር ዞር ብለህ ታጠያይቃለህ፤ «ሾፕ አራውንድ» እሱ ነው። ዕቁብ ጥለህ ያጠራቀምከው ገንዘብ ከሆነ «ሴቭ አፕ» አድርገሃል፤ እዚህ «አፕ» ቀስ በቀስ ከፍ እያለ የሚሄድ ክምርን ያሳያል። ዕቁብን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመተርጎም መሞከር አያዋጣም፤ አስረዱ እንጂ።

ጉሊት እንሂድ። ሽንኩርትና ድንች በመደብ በመደብ ደርድረው የተቀመጡ እናት አሉ። «እማማ፣ ቀነስ ያድርጉልኝ እንጂ» ትላለህ። «አያዋጣኝም ልጄ» ይሉሃል። በእንግሊዝኛ «ኩድ ዩ ካም ዳውን ኤ ሊትል?» ነው። «ቀንሺ» ቀጥተኛ ትእዛዝ ነው፤ «ቀነስ አድርጊ» ግን ለስለስ ያለ ነው፣ ጥቂት ብቻ የሚል ልመና አለበት። እንግሊዝኛው ያንን ልስላሴ በ«ኩድ ዩ» እና በ«ኤ ሊትል» ያመጣል። ሁለቱን ከጣልክ ንግግሩ ይሻክራል። እኛ አክብሮታችንን በ«እርስዎ» እና በ«ያድርጉ» ስለምናስገባ፣ «ዩ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለው ቋንቋ አክብሮት የሌለው ይመስለናል። አለው፤ ያስቀመጠው ሌላ ቦታ ነው።

ተስማማችሁ። አሁን ምራቂ ትጠይቃለህ። ብዙ ሰው ምራቂ በእንግሊዝኛ የለም ይላል፤ ስሙ በርግጥ ብዙም የተለመደ አይደለም። ድርጊቱ ግን አለ። «እማማ፣ አንድ ሽንኩርት ጣል ያድርጉበት» የምንለውን እነሱ «ኩድ ዩ ስሮው ኢን ዋን ሞር?» ይላሉ። «ስሮው» መጣል፣ «ኢን» ወደ ውስጥ። የእማማ እጅ ሽንኩርቷን ወደ ፌስታሉ ስትጥል ይታያችሁ፤ ሁለቱም ቋንቋ የቀረጸው ያንን የእጅ እንቅስቃሴ ነው።

ግን በሁሉም ቦታ አይደራደሩም። ዋጋ በተለጠፈበት ሱፐርማርኬት ውስጥ መደራደር እንደ እኛው ሱፐርማርኬት ሁሉ የተለመደ አይደለም። እዚያ የሚያስፈልገው ምልክት ማንበብ ነው። «ፎር ሴል» የሚሸጥ ነው ይላል፤ ቤት ወይም መኪና ላይ ይለጠፋል። «ኦን ሴል» ግን በተለይ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ቀንሷል ይላል። የአንዲት መስተዋድድ ልዩነት ናት። «20 ፐርሰንት ኦፍ» ካየህ ደግሞ 20 በመቶው ተነሥቷል ማለት ነው፤ የምትከፍለው 80ውን ነው። አንድ ተማሪዬ 20 በመቶውን ብቻ እከፍላለሁ ብሎ ሒሳብ መክፈያው ጋ ደርሶ ነበር። ዕቃው ሲያልቅ «ዊ ሃቭ ራን አውት» ይሉሃል፤ ሁሉም ተሽጦ ካለቀ «ሶልድ አውት» ነው። በዚህ ላይ «አውት» ማለቅን ያሳያል።

ስለ «አውት» ካነሣን፣ የአቃቂ ልጅ ይህን ቃል የተማረው ትምህርት ቤት አይደለም። ኳስ ሜዳ ነው። ኳሷ መስመር ስታልፍ «አውት!» ብሎ የጮኸ ልጅ የእንግሊዝኛን ረቂቅ ነገር በአምስት ዓመቱ ይዞታል፤ ከመስመር ወጣ፣ አለቀ፣ ከጨዋታ ውጭ ሆነ። ኪክ ኦፍ፣ ኦፍሳይድ፣ አውት፦ በየሰፈሩ ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ያላሰቡት የቋንቋ ትምህርት ቤት ናቸው። ከጨዋታ በፊት ሰውነት ማሟሟቅም «ዋርም አፕ» ነው፤ ሙቀት በሁለቱም ቋንቋ አለ።

ወጣ እንበል

የፋብሪካ ሰፈር ልጆች አንድ ቃል ከእንግሊዝኛ ቆርጠው ወስደዋል። «ነገ ኦፍ ነኝ» ይላሉ፤ ከሥራ ነጻ ነኝ ማለት ነው። ይህ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ «አይም ኦፍ ቱሞሮው»። ከጫማ ጋር ያየነው «ቴክ ኦፍ»፣ ከዋጋ ጋር ያየነው «20 ፐርሰንት ኦፍ»፣ አሁን ደግሞ ከሺፍት የተላቀቀው ሠራተኛ፤ ሦስቱም አንዲቷ «ኦፍ» ናቸው። ከተጣበቀበት መላቀቅን ትናገራለች፤ ጫማ ከእግር፣ ብር ከዋጋ፣ ሰው ከሥራ። ይህን ያየ ተማሪ «ተርን ኦፍ» ሲመጣበት መዝገበ ቃላት አይገልጥም።

ኦፍ የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? «ወጣ እንበል» ይላል ለጓደኛው። «ሌትስ ጎ አውት» ማለት ነው፤ ቃል በቃል ያው። ምግብ ቤት ሄዶ መብላት «ኢት አውት» ነው። ዝም ብሎ ከጓደኛ ጋር ጊዜ ማሳለፍ «ሃንግ አውት» ነው። ማኪያቶውን ይዞ የሚሄድ «ቴክ አዌይ» ይላል፤ ይህ በካፌዎቻችን ስለገባ ማስተማር አያስፈልገኝም።

«ፈታ በል» ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። መፍታት የታሰረን ነገር ማላላት ነው። እንግሊዝኛው «ሉስን አፕ» ያንኑ ይላል፤ ላላ በል። ሌላም አላቸው፤ «አንዋይንድ»። ይህ የተጠቀለለ ክር ሲፈታ ማለት ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ስሟ በሚነሣው አቃቂ ክርና ማጠንጠኛን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ እናቷ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። «አንዋይንድ» የሚለውን ስገልጽ እጇን በአየር ላይ አሽከርክራ ክሩ ሲተረተር አሳየችን። ክፍሉ ያንን ቃል ዳግመኛ አልረሳውም።

በመዝናኛ ቃላት ውስጥ ሁለቱ የአማርኛ ግሦች ግን ወደ እንግሊዝኛ እንዳሉ ከተሻገሩ ያስቸግራሉ። አንዱ «መጫወት» ነው። ለእኛ ጨዋታ ኳስም ነው፣ ወሬም ነው። እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወቱ እንጂ» እንለዋለን። «ፕሊዝ፣ ፕሌይ» የተባለ እንግዳ ግን ምን እንደሚጫወት ግራ ይገባዋል፤ ኳስ የለ፣ ካርታ የለ። ከወዳጅ ጋር ማውራት «ቻት» ነው። ሁለተኛው «መጋበዝ» ነው። «ዛሬ እኔ ልጋብዝህ» ስንል ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው «ኢንቫይት» ግን ጥሪ ብቻ ነው። የተጠራ ሰው የራሱን ሒሳብ ሊከፍል ይችላል፤ ጠሪው ደግሞ አልተሳሳተም። መክፈልህን ለመናገር «ኢትስ ኦን ሚ» በል። ከእኛ «በኔ ነው» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሸክሙ በኔ ላይ ይሁን የሚለው ደግነት በሁለቱም ውስጥ አለ። ለተማሪዎቼ ከሁሉ ቀድመው እንዲይዙት የምፈልገው አባባል ይህ ነው፤ እንግሊዝኛ ሲናገር ስስታም የሚመስል ኢትዮጵያዊ ማየት ስለማልወድ።

የቀረን መጓጓዣ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ቀላል ባቡር መሥራት ሲጀምር የቃላት ዝርዝራችንም ረዘመ። አማርኛ ለባቡርም ለታክሲም «ተሳፈረ» እና «ወረደ» ይላል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ቆመህ የምትራመድበት ከሆነ፣ ባቡርና አውቶቡስ፣ ስትገባ «ጌት ኦን» ስትወርድ «ጌት ኦፍ» ነው። ጎንበስ ብለህ የምትገባበት ከሆነ፣ ላዳና የቤት መኪና፣ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው። ሰው ሲያደርሰን ግን «እዚህ ጣለኝ» እንላለን፤ እነሱም «ድሮፕ ሚ ኦፍ ሂር» ይላሉ። ሲወስደን «ያነሳናል»፤ «ፒክ አፕ» ያደርገናል። ማንሳትና መጣል፤ እንደ ዕቃ፣ ያለ ምንም ቅሬታ።

ሚኒባሱስ? ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው፦ «ቲቸር፣ ወራጅ አለ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ለረዥም ጊዜ «አይድ ላይክ ቱ ጌት ኦፍ ሂር» እል ነበር። ሰዋስው ይሞላል፤ ግን ማንም አይለውም። መልሱን ያገኘሁት ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ከሄደ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የመጀመሪያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሊል አፉን ከፈተ። ማንም አይናገርም። አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ በመስኮቱ በኩል የተዘረጋውን ገመድ ሳብ አደረገች፤ ደወል ጮኸ፣ አውቶቡሱ ቆመ። በማግስቱ እሱም ገመዱን ሳበ፤ የኋላው በር ግን አልተከፈተም። ሾፌሩ ሊነሣ ሲል ከጀርባው አንድ ሽማግሌ በሙሉ ድምፃቸው «ባክ ዶር!» አሉ። በሩ ተከፈተ። «ቲቸር፣» አለኝ በስልክ፣ «የኛ ወራጅ አለ እዚህ ባክ ዶር ነው። ድምፁ ሳይቀር ያው ነው።»